ከሐጂ ጎን የተቀመጡት ሰው

በስልኬ ረዥም ፎቶ ማንሳት የጀመርኩት ወልቂጤ ሳስተምር ነው። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ስለ ሸለቆና ስለ ተራራ ጻፉ ሲባሉ መጽሐፉ ላይ ያለውን ይገለብጣሉ እንጂ ከከተማቸው ወጣ ሲሉ የሚታየውን የግቤን ሸለቆ አንድም ቀን አያነሱም ነበር። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ወጥቼ፣ ስልኬ ላይ ፓኖራማ የሚለውን ነክቼ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ ብዬ ዞርኩ። የወጣው ፎቶ ግማሹ ሰማይ፣ ግማሹ የተሰባበረ አጥር ነበር። ሰኞ ክፍል ውስጥ ሳሳያቸው ሳቁብኝ።

ከዚያ ወዲህ ተለማመድኩ። የካሜራ መቆሚያ የለኝም፤ መቆሚያዬ የራሴ ወገብ ነው። ክርኖቼን ከጎኔ አጣብቄ፣ ትንፋሼን ያዝ አድርጌ፣ እጄን ሳይሆን መላ ሰውነቴን አዞራለሁ። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ከመስመሯ ከወጣች ፎቶው ይጎብጣል፤ ከፈጠንኩ ይበጣጠሳል። የሚንቀሳቀስ ነገርም አይወድም። ባጃጅ ሲያልፍ ወይ ተጎትቶ እንደ አውቶቡስ ይረዝማል፣ ወይ ጎማ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ዝም ብሎ የቆመ ወይ የተቀመጠ ሰው ግን እንዳለ ይገባል፤ ለፎቶ ያልተዘጋጀው፣ መነሳቱንም ያላወቀው ሁሉ። እኔን የማረከኝ ይኼ ነው። ተራ ፎቶ ሲያነሱ የሚፈልጉትን መርጠው ሌላውን ይተዋሉ። እዚህ ግን መርጦ መጨረስ የለም፤ ዳር ያለውም አብሮ ይመጣል።

ቡታጅራ የተዛወርኩት የዛሬ ጥቂት ዓመት ነው። ወላጆቼ ከጎጃም ለመንግሥት ሥራ መጥተው ወልቂጤ የቀሩ ናቸው፤ እኔም እዚያው ተወልጄ አደግኩ። ስለዚህ ቡታጅራ ስገባ አገሩ አልከበደኝም፤ ግን ቤት የሚያከራየኝ ሰው አላውቅም ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ወደ አንድ ሽማግሌ ግቢ ወሰደኝ። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ በርበሬ ሲነግዱ ኖረው፣ በኋላ ሱቁን ለልጃቸው አስረክበው ቤት የዋሉ ሰው ናቸው። መካ ደርሰው ስለተመለሱ ሰፈሩ ሐጂ ይላቸዋል። እኔም ሐጂ አልኳቸው።

«ትጠጣለህ?» አሉኝ የመጀመሪያው ቀን።

«አልጠጣም።»

«ታጨሳለህ?»

«አላጨስም።»

«ታዲያ ከሥራ መልስ ምን ትሠራለህ?»

«ያነሳኋቸውን ፎቶዎች አያለሁ» አልኳቸው። ሳቅ አሉና ቁልፉን ሰጡኝ።

ሐጂ ረዥም፣ ወገባቸው ያልጎበጠ ሰው ናቸው። ከሰዓት በኋላ መስጊድ ሰግደው ሲወጡ ነጩን ኮፊያቸውን አስተካክለው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ አስፋልቱን ዳር ዳሩን ተከትለው እስከ ድሮ ሱቃቸው ድረስ ይሄዳሉ። ልጃቸው ጋ ትንሽ ተቀምጠው ይመለሳሉ። ሲሄዱ ዓይናቸው ፊት ለፊት የተተከለ ነው። እዚያ መንገድ ላይ የተሰለፉት ነጋዴዎች አብዛኞቹ የሚያውቋቸው ናቸው፤ ግን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይሉም ነበር።

ሰፈር ውስጥ ወሬው ቶሎ ጆሮዬ ገባ። ዳቦ የምገዛበት ሱቅ ባለቤት «አከራይህ ደህና ናቸው?» አለኝ አንድ ቀን። ደህና ናቸው ስለው «እኛንማ ካዩን ቆዩ። ሐጅ ካደረጉ በኋላ ሰው አነሰባቸው መሰለኝ» አለ። በክፋት አልተናገረውም። ቅር ያለው ሰው አነጋገር ነበር።

እኔን የገረመኝ ሐጂም የሚያወሩት ይኸንኑ መሆኑ ነው። ማታ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ «ሰው ተለውጧል መምህር» ይሉኛል። «ድሮ ከመስጊድ ሱቄ እስክደርስ እጄ እስኪዝል ሰላም እል ነበር። ዛሬ ማን ሰላም ይለኛል? እንደ እንግዳ ነው የማልፈው። ሱቁን ከለቀቅኩ ምን እሠራላቸዋለሁ፤ ወላሂ ሰው ለጥቅሙ ነው።»

ከሁሉም በላይ የከነከናቸው የአንድ ሰው ነገር ነው። ሱቃቸው አጠገብ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና ዘርግተው የሚሠሩ ልብስ ሰፊ አሉ። ከሶዶ በኩል የመጡ ክስታኔ ጉራጌ፣ ክርስቲያን ናቸው። ሁለቱ በጎልማሳነታቸው ጎን ለጎን ሥራ ጀምረው ጎን ለጎን ሸበቱ። መስቀል ሲደርስ ልብስ ሰፊው ለሐጂ ቤት በእስላም እጅ የሚታረድ በግ ለይተው ያቆያሉ፤ አረፋ ሲሆን ደግሞ ከዘመድ ቀድመው የሚመጡት እሳቸው ናቸው። ባለፈው አረፋ ግን አልመጡም።

«ምን አደረግኩት?» ይላሉ ሐጂ። «አንድ ነገር ካደረግኩት አይነግረኝም? እኔስ ሄጄ ለምን ቀረህ ልበለው?»

«ሄደህ ብትጠይቀው ምን አለበት?» ይላሉ ባለቤታቸው። ደርባባ፣ ንግግራቸው አጭር ሴት ናቸው።

«እሱ ነው የቀረው። እሱ ይምጣ።»

ሌላም ሌላም ነገር አይ ነበር፤ ግን አንዱን ከአንዱ አላያያዝኩትም። ሐጂ በር ሲገቡ ትከሻቸው ከመቃኑ ጋር ይጋጫል። አጠገባቸው የተቀመጠ የሻይ ብርጭቆ በክርናቸው ይገፉና ይደፋሉ። አንድ ጊዜ የውሃ መውረጃ ቦይ ውስጥ እግራቸው ገብቶ ቁርጭምጭሚታቸው አብጦ ሰነበተ። ባለቤታቸው እርጅና ነው አሉ። ሐጂ ቦዩን ክፍት የተወውን ረገሙ።

አንድ እሑድ ከከተማው ዳር ቆሜ የዘቢዳርን ተራራ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንስቼ መጣሁና አሳየኋቸው። ስልኩን ተቀብለው ክንዳቸውን ዘርግተው ራቅ አድርገው ያዙት። ረዥም ሰዓት አዩት።

«ይኼ ሁሉ እንዴት እዚህ ገባ?»

«እየዞርኩ ነው ያነሳሁት።»

«የሱቄን መንገድ እንዲህ ታነሳልኛለህ? አዲስ አበባ ላሉት ልጆች እንልክላቸዋለን።»

በገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ አብረን ሄድን። ልጃቸው በር ላይ ሦስት ጆንያ በርበሬ ከፍቶ አቁሟል፤ መንገዱ ሁሉ ያስነጥሳል። ሐጂን ከሱቁ ፊት፣ አስፋልቱ ዳር አቆምኳቸውና «እስክጨርስ እንዳይንቀሳቀሱ» ብዬ ተሻገርኩ። ባጃጆቹ ጋብ እስኪሉ ጠበቅኩ። ከዚያ ከግራ ጀምሬ መዞር ያዝኩ፦ የቆጮ ሻጮቹ፣ የጨርቅ መደብሩ፣ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና የዘረጉ ሰው፣ ሐጂ፣ ሱቁ፣ የፈረስ ጋሪዎቹ መቆሚያ። ዓይኔ ቀስቷ ላይ ስለነበር ፊቶቹን ልብ ብዬ አላየሁም። ሐጂ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ጠበቁኝ።

ማታ በረንዳቸው ላይ ስልኩን ሰጠኋቸው። ሐጂ እንደ ባለፈው ራቅ አድርገው ያዙት። መጀመሪያ ሳቁ፤ ጋሪው ላይ የነበረው ፈረስ ፎቶው መካከል ስለተንቀሳቀሰ ሁለት ራስ አብቅሏል። ከዚያ ቆጮ ሻጮቹን አንድ በአንድ እየለዩ ጠሩ። ይህቺ የእገሌ ሚስት ናት፣ ይህቺ ታማ ነበር ዳነች ማለት ነው፣ አልሐምዱሊላህ። እንዲህ እያሉ ወደ ራሳቸው ደረሱና ጣታቸውን ከጎናቸው ባለው ሰው ላይ አሳረፉ።

«ይኼ መቼ መጣ?» አሉ።

አብሬ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከሐጂ በስተግራ፣ እጃቸውን ቢዘረጉ ሊነኳቸው በሚችሉበት ርቀት፣ የስፌት መኪናው ኋላ ያሉት ሰው ከወንበራቸው ከፍ ብለዋል። አንድ እጃቸው ደረታቸው ላይ ነው። የሚያዩት እኔን አይደለም፤ ሐጂን ነው። ሐጂ ደግሞ ፊት ለፊት ብቻ ያያሉ።

«መጀመሪያም እዚያው ነበሩ» አልኩ። «ሲሰፉ ነበር። እርስዎን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነሱ መሰለኝ።»

«አልነበረም። ቦታው ባዶ ነው። እዚያ ስቆም አየሁት እኮ፣ ባዶ ነው።»

«ልብስ ሰፊው ናቸው?»

«እሱ ነው።»

ባለቤታቸው ከቤት ወጥተው ፎቶውን በትከሻችን በኩል አዩ። ሐጂ ግን ሰውየው በኋላ መጥቶ መሆን አለበት፣ ስልኩም ያጭበረብራል፣ ለፈረስ ሁለት ራስ ያበጀ ነገር ሰውም ከሌለበት ያመጣል እያሉ አስረዱኝ። እውነትም ስልኩ የሚንቀሳቀስን ነገር ያበላሻል እንጂ የሌለ ሰው አያመጣም። ያንን ለመናገር አፌን ስከፍት ባለቤታቸው ዝም በል በሚል ዓይን አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ዞረው ሐጂ ጎን፣ ጆሯቸው ትይዩ ቆሙ።

ሐጂ ማውራታቸውን ቀጠሉ። ባለቤታቸው ጎናቸው ቆመዋል። እጃቸውን አነሱ፤ ወደ ሐጂ ጉንጭ አስጠጉ፤ አወዛወዙት። ሐጂ ዓይናቸውን እኔ ላይ አድርገው ስለ ስልኩ ያወራሉ።

«እዚህ ነኝ» አሉ ባለቤታቸው።

ሐጂ ክው ብለው ዞሩ። «መቼ ወጣሽ?»

«ቆየሁ። ፎቶውን ሁሉ አብሬህ አየሁ። እጄን ፊትህ ላይ ሳወዛውዝ ነበር።»

ሐጂ ሚስታቸውን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን። «እውነት ነው?» አሉኝ።

«እውነት ነው።»

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ወስጄ በባጃጅ ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ። የዓይን ክፍሏ ባለሙያ ወጣት ሴት ናት። ፊት ለፊታቸው ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ሐጂ፣ አፍንጫዬን ብቻ ይዩ። ጣቴ ሲንቀሳቀስ ካዩ ይንገሩኝ» አለቻቸው። ሁለት እጆቿን ወደ ጎን ዘረጋች። እኔ ግድግዳው ሥር ተቀምጬ ጣቶቿ ሲንቀሳቀሱ አያለሁ። ሐጂ ይጠብቃሉ። እጆቿን እያጠበበች፣ ጣቶቿን እያንቀሳቀሰች መጣች። ሐጂ አሁንም ይጠብቃሉ። ጣቶቿ ጉንጯን ሊነኩ ሲደርሱ «አሁን» አሉ።

ሌሎች ምርመራዎችም አደረገችላቸው። ከዚያ ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት በዝቶ የማየት ጅማቱን እንደጎዳው፣ በሽታው ግላኮማ እንደሚባል ነገረቻቸው። «የሚጀምረው ከዳር ነው። አያምም፣ ቀስ ብሎ ነው። ፊት ለፊት ያለው ደህና ስለሚታይ ሰው ዳሩ እንደጠፋበት አያውቅም» አለች። «የጠፋውን መመለስ አይቻልም። የቀረው እንዳይሄድ ግን ጠብታ አለ፤ አንድም ቀን ማቋረጥ የለብዎትም።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ ሐጂ።

«ይኼ ነው ማለት ያስቸግራል። ዓመታት ሊሆን ይችላል።»

ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አሳየኋትና መንገዱ ላይ ያላዩትን ሰው እዚህ እንዴት አዩት ብዬ ጠየቅኳት። ፎቶው ትንሽ ስለሆነ ነው አለችኝ። ያ ሁሉ መንገድ ተጨምቆ በቀራቸው ዕይታ ውስጥ ይገባላቸዋል። ሐጂ ይኼን ሰምተው አንገታቸውን ነቀነቁ።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል ይዘው ቆዩ። ስለ ዓይናቸው ያዘኑ መስሎኝ ላጽናናቸው ቃል እፈልግ ነበር።

«እኔ እኮ ሰው የጠፋ መስሎኝ ነበር» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ስንቱን ሰው አሳዝኜ ይሆን?»

ቤት መሄዱን ትተን ወደ ሱቁ መንገድ እንድንታጠፍ ለሹፌሩ ነገሩት።

ልብስ ሰፊው የሰው ሱሪ እግር እያሳጠሩ ነበር። ባጃጁ ሲቆም ቀና አሉ፤ ሐጂ ሲወርዱ አዩና መልሰው አጎነበሱ። ሐጂ በረንዳው ጋ ሲደርሱ በከዘራቸው ደረጃውን ፈልገው ወጡና ፊት ለፊታቸው ቆሙ።

«እንዴት ዋልክ» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ ልብስ ሰፊው ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሱ። «ዛሬ አየኸን?»

«ዛሬ አየሁህ።»

«በጎ ነው።»

«አረፋን ለምን ቀረህ?»

ልብስ ሰፊው እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ። መኪናው ዝም አለ። «እንዴት ልምጣ? ከክረምት ጀምሮ በዚህ በር ታልፋለህ። ተነስቼ ሰላም እልሃለሁ፤ ታልፋለህ። እጄን አነሳለሁ፤ ታልፋለህ። ደንበኛ ፊት አፍሬ ስንቴ ቁጭ አልኩ? ትናንት እንኳ እዚህ አጠገቤ ቆመህ ፎቶ ስትነሳ ተነሳሁልህ።»

«ጠርተኸኛል?»

«ምን ብዬ ልጥራህ? ዓይንህ እያየኝ?»

«አላየህም» አሉ ሐጂ። «ከሆስፒታል መምጣቴ ነው። ጎንና ጎኔ ጠፍቷል። የማየው ፊቴን ብቻ ነው። እኔም ዛሬ ነው ያወቅኩት።»

ልብስ ሰፊው ሐጂን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩኝ። እኔ አዎ በሚል አንገቴን ነቀነቅኩ። መነጽራቸውን አውልቀው መኪናው ላይ አስቀመጡና ብድግ አሉ። ሐጂ ፊት ቆሙ።

«እዚህ አለሁ?»

«አለህ።»

ወደ ግራ አንድ እርምጃ ሄዱ። «እዚህስ?»

«እዚያ ጠፋህ።»

«አትቀልድ።»

«ወላሂ። ድምፅህ አለ፣ አንተ የለህም።»

ወደ መካከል ተመለሱ፤ እንደገና ትንሽ ፈቀቅ አሉ። ሐጂ አንገታቸውን ሳያዞሩ «አሁን ግማሽህ አለ» አሉ። ልብስ ሰፊው በቀኝም ሞከሩ። ግራው የባሰ ነው አሉ ሐጂ። እንዲህ እየተመላለሱ የሐጂ ዕይታ የት ጋ እንደሚያልቅ በእግራቸው ለኩት፤ ሱሪውን ሊወስድ የመጣው ደንበኛ ደረጃው ላይ ቆሞ ምን እንደሚሠሩ ግራ ገብቶት ያያል። በመጨረሻ ልብስ ሰፊው ቀጥ ብለው ፊት ለፊት መጡና ሐጂን አቀፏቸው። ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ግንባራቸው ሐጂ ደረት ላይ አረፈ። የሐጂ ከዘራ ወደቀ። እኔ አነሳሁት፤ የሚቀበለኝ ግን ቶሎ አላገኘሁም።

ወሬውን ለከተማው ያዳረሱት ልብስ ሰፊው ናቸው። በረንዳቸው ላይ ለቆመ ሁሉ፣ ቁልፍ ለማስተከል ለመጣው ጭምር፣ ሐጂ ኩራት እንዳልነካቸውና ሰላምታ በድምፅ እንደሚፈልጉ ይናገራሉ። ብዙ አልቆየም፤ ሐጂ ከመስጊድ ወጥተው ሲያልፉ ከግራና ከቀኝ ይጠሯቸው ጀመር። «ሐጂ፣ አሰላሙ አለይኩም፣ እኔ ነኝ፣ ቆርቆሮ ሻጩ።» «ሐጂ፣ በቀኝዎ ነኝ።» ሐጂም ድምፁ ወደመጣበት መላ ሰውነታቸውን ያዞራሉ፣ ልክ እኔ ፎቶ ሳነሳ እንደምዞረው። ዳቦ ሻጩ ስለ ሐጂ ያለኝን ከዚያ ወዲህ አላነሳብኝም፤ «በሚመጣው ማክሰኞ ቀጠሯቸው እንዳይረሳ» ይለኛል።

እኔም የማነሳው ለሐጂ ሆነ። በገበያ ቀን ከትምህርት ቤት ስወጣ ገበያው መሐል ቆሜ አንድ ጊዜ እዞራለሁ። ማታ ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው ማን እንደወጣ፣ ማን እንደቀረ፣ የማሬቆ በርበሬ ስንት ጆንያ እንደገባ ያያሉ። አንዳንዱን ሰው እኔ ከማላውቀው ታሪክ ጋር ይነግሩኛል። ሁልጊዜ ደስታ ብቻ አይደለም። አንድ ማታ ስልኩን መልሰው ሰጡኝና «ዛሬ ይበቃኛል» ብለው ገቡ፤ ባለቤታቸው ከጠብታው በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው ለረዥም ሰዓት እንደተቀመጡ ነገሩኝ። የጠፋው አልተመለሰም። የቀረው ግን እስከ ዛሬ አለ።

በዚህ ዓመት ከአረፋ በኋላ ባለው እሑድ ሁለቱን ሽማግሌዎች ይዤ ሐረ ሸይጣን ሄድኩ። ከቡታጅራ የማይርቅ፣ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ክብ ሐይቅ ነው፤ ከአፋፉ ላይ ሆኖ ድንጋይ የወረወረ ሰው ውሃው ላይ አያደርሰውም ይባላል። ልብስ ሰፊው በልጅነታቸው ሞክረው አንድ ጊዜ እንዳደረሱት ይናገራሉ። ሐጂ አያምኑም።

አፋፉ ላይ ድንጋይ ፈልጌ አስቀመጥኳቸው። ልብስ ሰፊው በሐጂ ግራ፣ ክንዳቸውን ከሐጂ ክንድ ጋር ቆልፈው ተቀመጡ። እኔ ፈንጠር ብዬ ቆሜ ክርኖቼን ሰበሰብኩ፤ ነፋስ ነበርና ሦስት ጊዜ ተበላሸብኝ። ሐጂ አንገታቸውን ቀስ እያሉ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው እያዞሩ ሐይቁን በየተራ ያያሉ።

«አረንጓዴ ነው» አሉ።

«ዛሬ ግራጫ ነው» አሉ ልብስ ሰፊው።

«የኔ ዓይን ጠበበ እንጂ ቀለም አልጠፋበትም። አረንጓዴ ነው።»

ልብስ ሰፊው ክንዳቸውን አላቀቁና ተነሱ፤ እግራቸው ሥር ካለው ድንጋይ አንዱን መርጠው እጃቸው ላይ መዘኑት።

«ወዴት ሄድክ?» አሉ ሐጂ።

«እዚሁ ነኝ። ልወረውር ነው፣ ፊት ለፊት እይ።»

ሐጂ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ፊት ለፊት ማየት ጀመሩ። ልብስ ሰፊው ጋቢያቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ፤ ጋቢውን ለመቀበል ስልኬን ኪሴ ከተትኩት።